የአዳራሹ ጭጋግ

ሐምሌ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ሰቆጣ

የጭስ ማሽኑ ዛሬ ከደሴ መጣ። ምትኩ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቱ ላይ እንደታቀፈው ነው ያደረሰው። ምትኩ የቢሮአችን ሾፌር ነው፤ በምንለማመደው ትያትር ደግሞ እህል አዳይ ሆኖ ይጫወታል። ደሴ ውስጥ የሠርግ ባንድ ያለው ጓደኛው እስከ አዲሱ ዓመት ድረስ አውሶት ነው።

ጥቁር ሣጥን ነገር ነው። ፈሳሹን ታፈስበታለህ፣ ይግላል፣ ከዚያ ቁልፉን ስትጫን ነጭ ጭጋግ ይተፋል። የአዳራሹ ዘበኛ አያ ገብረ አምላክ በሩ ላይ ቆመው ትንሽ አዩትና «ሐምሌ እኮ ነው ልጆች፤ መስኮቱን ብትከፍቱት በነጻ ይገባላችሁ ነበር» አሉ። ሁሉም ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። የትያትሩን ፎቶ የምናበራበት የቢሮው ፕሮጀክተር በኔ ፊርማ የወጣ ነው። በዞኑ ሌላ የለም። ሦስት ዓመት ከኔ እጅ በቀር የማንም እጅ አልነካውም፤ ስብሰባ ላይ እንኳ ኃላፊዎች ጣታቸውን ሲሰነዝሩ «ይቅርታ፣ እኔ ልንካው» እላለሁ። አሁን ጭስ ሊታጠንበት ነው!

ከዚያ መምህርት እታገኝ «ጋሽ መልሰው፣ መንገዱን አብራልኝ» አለች። ትያትሩን የጻፈችው እሷ ናት፤ በሰባ ሰባት ድርቅ ከደሃና ወደ ሰቆጣ ስለወረዱ ሰዎች ነው፤ የሚታየውም ለሚሌኒየሙ ዋዜማ ነው። መንገዱ ማለት እኔው ደሃና ድረስ ሄጄ ያነሣሁት ፎቶ ነው። አበራሁ። ምትኩ ጭጋጉን ለቀቀው።

ምን ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። መንገዱ ሸራው ላይ መሆኑ ቀረ። ብርሃኑ ከኔ ጠረጴዛ ተነሥቶ እስከ መድረኩ ድረስ አየሩ ላይ ተዘረጋ፤ ድንጋዩ፣ ቁልቁለቱ፣ ሁሉም ተንሳፈፈ። እታገኝ እዚያ ውስጥ ገባች። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ነው የምትጫወተው። እንዴት እንደምታደርገው እግዜር ይወቅ፣ ትከሻዋን ትንሽ ሰብሰብ ታደርገዋለች፣ በቃ ልጅ ናት። በሥራዬ ሃያ ዓመት ሆኖኛል፤ መብራት እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም።

ቤቴ ስገባ ግን ሌንሱን አሰብኩት።


ሐምሌ 16

እንዳልኩት ሆነ። ሌንሱን በጣቴ ነካ ሳደርገው ያዳልጣል። ቅባት ነው። ፈሳሹ ተንኖ ሲቀዘቅዝ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይቀመጣል፤ ወንበሩ ላይም፣ መነጽሬም ላይ። ፎቶው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደብዘዝ ብሏል። ከጤና ጣቢያ አልኮል ለምኜ ጠረግሁት።

ሌንሱስ ይጠረጋል። የሚያሳስበኝ ውስጡ ነው። ፕሮጀክተር አየር ይስባል፣ አምፖሉን ለማቀዝቀዝ። አየር ሲስብ ጭጋጉንም ይስባል። ይህን ለእታገኝ ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ፤ ስትሰማ ዓይኗን አትነቅልም። «ታዲያ ምን እናድርግ?» አለችኝ። እኔ ደግሞ «ለኔ ተዪው» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ምንም አላሰብኩም ነበር።


ሐምሌ 19

አገኘሁት! ጋቢዬን ይዤ ሄጄ ፕሮጀክተሩን ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኩት፤ ዓይኑን ብቻ ተውኩለት። ጭጋጉ በየት ይገባል? በየትም። እናቴ ከደብረ ታቦር የላከችልኝ ጋቢ ነው፣ አራት ድርብ፣ ገና አዲስ፣ ጥጡ ያልረገፈ።

እታገኝ አየችና «ብርድ እንዳይመታው ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው አለች።


ሐምሌ 23

ጠፋ። ልምምዱ መካከል፣ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ። ቀዩ መብራት በራ። ግሏል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ላብ በላብ ሆንኩ።

ጭጋጉ ነው። ብዬ ነበር።


ሐምሌ 27

ዛሬም ጠፋ። አሥራ ስምንት ደቂቃ። ትናንት አሥራ ዘጠኝ። ጋቢውን ይበልጥ አጠበቅሁት፣ ከታች በኩል ሳይቀር አስገብቼ። አሁንም ይጠፋል። ይህ ጭጋግ ምን ዓይነት ጉድ ነው፣ በጥጥ ውስጥ ሰርጎ የሚገባ?

እታገኝ በጠፋ ቁጥር እንደ አዲስ ትጀምራለች። አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም። አራተኛ ጊዜ ሲጠፋ ግን እኔው ፈነዳሁ። «ይሄ የሠርግ ቤት መጫወቻ የመንግሥት ንብረት እየገደለ ነው! ወይ ጭሱ ወይ እኔ!» አልኩ። በሰው ፊት ጮህኩባት። እሷ «ይቅርታ ጋሽ መልሰው» አለች። እሷ ናት ይቅርታ ያለችው!

ስወጣ ምትኩ ለሌሎቹ ሲያወራ ሰማሁት፤ «ሰውዬው ለዚያ ዕቃ የሚያሳየውን ፍቅር ለሰው ቢያሳየው ይሄኔ አግብቶ ነበር።» ዘግቼው አለፍኩ። የሱ ወሬ አያገባኝም። አርባ አንድ ዓመት ገና ነው።


ነሐሴ 2

ለኃላፊያችን ለአቶ መንግሥቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። «በመድረክ ላይ የሚለቀቀው ሰው ሠራሽ ጭጋግ በፕሮጀክተሩ ላይ ከባድ የመጋልና የመዘጋት ጉዳት እያደረሰ መሆኑን በሙያዬ ስላረጋገጥሁ እንዲታገድ» ብዬ። በሙያዬ ስላረጋገጥሁ! አቶ መንግሥቴ አንብበው ሳይጨርሱ ፈረሙበት። «አንተ ካልክ አልክ ነው» አሉኝ።

ደብዳቤውን ራሴው ወስጄ ለእታገኝ ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጠፈችው። «እሺ» አለች። እሺ ብቻ። እንድትከራከረኝ ፈልጌ ነበር መሰለኝ።


ነሐሴ 5፣ ማታ

ዛሬ ከሰዓት እታገኝ ማሽኑን ወደ ካርቶኑ ስትመልስ አዳራሽ ውስጥ አገኘኋት። ላግዛት ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ስለነበር መውጣት አልቻልንም። መነጋገር ግድ ሆነ።

እንደ ቀልድ «ያለ ጭጋግስ ያው አይደለም ወይ ትያትሩ?» አልኳት።

ገመዱን እየጠቀለለች ነገረችኝ። ድምፅዋን ከፍ ዝቅ አላደረገችውም። የተጻፈው የራሷ ታሪክ ነው። እኔ እኮ እስከ ዛሬ ፈጠራ መስሎኝ ነበር! ከደሃና ሲወርዱ እሷ አሥር፣ ወንድሟ ካሤ ስድስት። «ዝናብ የነሳን ሰማይ ጭጋጉን አልነሳንም» አለችኝ። እናታቸው ጨቅላ ተሸክማ ከፊት ነበረች፤ «እጁን እንዳትለቂ» ብላታለች። እታገኝ የተሸከመችው ቁርበት ከትከሻዋ ሲንሸራተት ላስተካክል ብላ ለቀቀችው። ቀና ስትል ነጭ ብቻ።

«አልጠራሽውም?» አልኳት።

«አልጠራሁትም። ከኛ ጋር ያሉት ሽማግሌ ‹ድምፅ አታሰሙ፣ ጅብ ይከተለናል› ብለው ነበር። እኔ ደግሞ ታዛዥ ልጅ ነበርኩ።» ገመዱን ካርቶኑ ውስጥ ከተተች። «እናቴ ጋ ስደርስ ‹ካሤስ?› አለችኝ። ‹ከኋላ እየመጣ ነው› አልኳት።»

ፎቶ የለውም። ያለው ስሙ ነው። ለዚህ ነው ትያትሩ ውስጥ ያቺ ልጅ ጭጋጉ መካከል ቆማ ምንም የማትለው። እኔ ተውኔቱን ሳነብ እዚያ ቦታ ላይ «ንግግር ተረስቷል» ብዬ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ነበር። ወይ አለማወቄ!

ይህን ሁሉ ነግራኝ «ደብዳቤውን ሻርልኝ» አላለችም። ካርቶኑን አሰረችና «ንብረት ነው፣ ልክ ነህ፤ ቢበላሽ ለተማሪዎቹም አይተርፍም» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው በሕይወቴ አላየሁም። አንጀቴን በላችው። እኔስ? ጃንጥላዬን ሰጥቻት ዝናብ እየመታኝ መጣሁ፤ እሱም ጀግንነት ሆኖ ተሰማኝ።


ነሐሴ 10

ያለ ጭጋግ ልምምድ። ጋቢው ለጥንቃቄ እንዳለ ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ጠፋ።

የድሮው ጭጋግ ቅሪት ይሆናል። ውስጡ የቀረ። እንደዚያ ብዬ ነገርኳቸው። አያ ገብረ አምላክ ጋቢውን አየት አደረጉና እኔን አዩኝ። ሽማግሌ ሰው ዝም ብሎ ሲያይህ አይመችም።


ነሐሴ 17

ሻደይ ነው። ከተማው በከበሮ ተናውጧል፤ ልጃገረዶቹ ወገባቸው ላይ ሻደዩን አስረው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ልምምድ የለም፤ ሴቶቹ ሁሉ እዚያ ናቸው። እታገኝንም ከቀድሞ ተማሪዎቿ ጋር ስትጨፍር ከሩቅ አየኋት። ያን ሁሉ ተሸክማ እንዲያ ትጨፍራለች። ዝም ብዬ ቆሜ አየሁ፤ የሆነ ልጅ «ጋሼ ስጠን እንጂ!» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ባዶ አዳራሽ ገብቼ ፕሮጀክተሩን ፈታሁት። የአየር ፊልትሮውን አወጣሁ። ቀዳዳዎቹ አይታዩም። ነጭ ነገር ደፍኗቸዋል፣ ወፍራም፣ እንደ ባና የተዳመጠ። በወረንጦ አነሣሁት። ጥጥ ነው።

ጭጋግ ጥጥ ይሠራል?

ፈትቼ ጥዬው ወጣሁ። ከበሮው ራሴን አሞኛል። ነገ እጽፋለሁ።


ነሐሴ 18

ጋቢዬ ነው።

ጭጋጉ ቅባቱን ቀባ፤ ቅባቱ የጋቢውን ብናኝ ያዘ። ጭጋጉ ብቻውን ቢሆን በሳሙና የሚለቅ ነገር ነበር። ደግሞ ለመተንፈሻ የተሠራውን ቀዳዳ ሁሉ በአራት ድርብ ጠቅልዬ አፍኜው ነበር። የዕቃውን መጽሐፍ ገለጥኩት፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ በትልቁ የተሰረዘ የተሸፈነ ዕቃ ሥዕል አለ፣ «አትሸፍኑት» ሲል። ሦስት ዓመት አላየሁትም።

ፊልትሮውን በለብታ አጠብኩ፣ በጥላ አደረቅሁ። ያለ ጋቢ ሁለት ሰዓት ሙሉ አበራሁት። ውልፍት አላለም።

ሰው ገና አያውቅም።


ነሐሴ 23

አምስት ቀን ሙሉ ሰበብ ፈለግሁ። «ፊልትሮው አርጅቷል» ማለት ይቻላል። «ከደሴ ሙያተኛ ጠየቅሁ» ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን ስገባ እታገኝ ከመድረኩ ጫፍ ተቀምጣ የጭጋጉን ትዕይንት ከተውኔቱ ላይ በቀይ እየሰረዘች አገኘኋት። አንድ ገጽ ሰርዛ ሁለተኛውን ጀምራለች።

«ተዪው!» አልኩ። ድምፄ ወፍሮ ወጣ፤ ሁሉም ዞሩ። እዚያው በቆምኩበት ተናገርኩት። ጭጋጉ አይደለም፣ ጋቢዬ ነው አልኩ። ደብዳቤው ውሸት ነው አልኩ። ፊልትሮውን፣ ጥጡን፣ ሁሉን። ጆሮዬ ጭው ብሎ ነበር።

እታገኝ «ቆይ... ጋቢ ስላለበስከው ታፍኖ ነው?» አለች። ምትኩ መሬት ተንከባለለ። «ብርድ ፈርቶለት ገደለው!» እያለ። ሁሉም ሳቁ፣ እሷም ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና ለኔ ብቻ እንዲሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሽ መልሰው፣ እኔ እኮ የሰውን ዕቃ በኔ ጭጋግ ገደልኩ ብዬ ከረምኩ» አለችኝ። ይቺን ቃል ዕድሜ ልኬን አልረሳትም። ለዚህች ሴት፣ ከሰው ሁሉ ለዚህች ሴት፣ ሌላ ጥፋት አሸከምኳት።

አቶ መንግሥቴ ጋ ዛሬውኑ ሁለተኛ ደብዳቤ አስገባሁ። «ጥፋቱ የባለሙያው ነው» ብዬ። «ባለሙያው ማነው?» አሉኝ። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። ወደ ላይ ወደ ታች አዩኝና ፈረሙ።


ጳጉሜን 3

ፈሳሹ አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው ለአንድ ጊዜ ነው። በጭጋግ መለማመድ የለም። ፕሮጀክተሩን ከበሩ በላይ ከፍ ያለ መደርደሪያ ሠርቼ አስቀመጥኩት፤ ጭጋጉ ታች ስለሚቀር አይደርስበትም። በዚህ እንኳ ኮርቻለሁ። ምትኩ «ነጠላስ አላስፈለገውም?» ይለኛል ባየኝ ቁጥር። ይበለኝ፣ ይገባኛል።


ጳጉሜን 6፣ የሚሌኒየሙ ዋዜማ

ሳልጽፍ አልተኛም።

ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ጀመርን። መስኮቱን ሁሉ በጥቁር ጨርቅ ጋርደናል። ሰው ከወረዳዎቹ፣ ከደሃናም ከዝቋላም መጥቷል፤ ወንበሩ አልበቃ ብሎ መሬት ተቀምጠዋል፣ ግድግዳ ተደግፈዋል። አያ ገብረ አምላክ በሩን በጀርባቸው ይዘው ይቆጣሉ። እኔ ከሳቸው ራስ በላይ መሰላል ላይ ነኝ።

ሁሉም ሰመረ። ምትኩ እህል ሲያድል አንዲት እናት ከመሬት ተነሥታ «ጨምርላት እንጂ!» ብላ ጮኸችበት፤ ሰውዬው ከድንጋጤው ጨመረላት። ከዚያ ጭጋጉ ተለቀቀ። መንገዱን አበራሁ። አዳራሹ «እህ...» አለ፣ ባንድ አፍ። መንገዱን አወቁት። እታገኝ ቁርበቷን ተሸክማ ገባች፣ ባዶ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ፤ ልጅ የያዘ እጅ ነው፣ ልጁ ግን የለም፤ የለም እያልክም ታየዋለህ። ቁርበቱ ተንሸራተተ። እጇን ለቀቀች። ቀና አለች።

ጠፋ።

ቀዩ መብራት ፊቴ ላይ በራ። የሰዉ ትኩሳት፣ የጭጋጉ ሙቀት፣ ሁሉም ወደ ላይ ወጥቶ ከቆርቆሮው ሥር ተጠራቅሞ፣ ዕቃውን እዚያ የሰቀልኩትም እኔው! ደግሞ የኔው ብልጠት! እስኪቀዘቅዝ ሁለት ደቂቃ ነው። ድፍን ጨለማ። አምስት መቶ ሰው። «ጨረስኳት» አልኩ ለራሴ። ከመሰላሉ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

ከጨለማው ውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«ካሤ!»

ተውኔቱ ላይ የለም። እኔ አውቃለሁ፣ የለም። እንደገና «ካሤ! ካሤ ሆይ!» አለች፤ የትልቅ ሴት ድምፅ ነው፣ የልጅ አይደለም። መድረኩ ላይ የነበረችው ልጅ ሄዳለች። ሃያ ሁለት ዓመት አፏ ውስጥ የኖረ ስም ነው የወጣው።

ከኋላ አንዲት ሴት «ደብሬ!» አለች። ቀጥሎ አንድ ወንድ፣ «ወልደ ሐዋርያት!» ከዚያ ከየማዕዘኑ ተነሣ። በአገሬው ቋንቋ በኽምጥኛ «ልጄ» የሚሉ፣ «እናቴ» የሚሉ፤ ያቺን ያህል እንኳ ቋንቋውን ለምጃለሁ። ጨለማ ስለነበር ማንም ማንንም አላፈረም። ጭጋጉ ፊቴን ይዳስሰኛል። አንዱ ሲጠራ ሌላው ይጠብቅለታል፤ ማን አስተማራቸው?

አረንጓዴው መብራት በራ። ዕቃው ተዘጋጀ ማለት ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። አልተጫንኩም። በሥራዬ ሃያ ዓመት፣ ማብራት እየቻልኩ ያላበራሁበት ቀን ዛሬ ነው። ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ጸጥ ሲል፣ ያን ጊዜ አበራሁ። መንገዱ ተመለሰ፣ በቅባት ደብዝዞ። እታገኝ መካከሉ ቆማ ታለቅሳለች። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ካህን ተነሥተው ቆሙ፤ ከዚያ ሰዉ ሁሉ ቆመ።

ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ገመድ ስጠቀልል አያ ገብረ አምላክ መጡ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጄ፣ ቶሎ አበራኸው» አሉኝ።

«ምን አሉኝ አያ?»

«ቶሎ አበራኸው። በሩን ይዤ፣ ሰው እንዳይገፋፋ ስል... አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አበራኸው።»

ስድስት ዓመት አውቃቸዋለሁ። ሚስት ነበረቻቸው ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። መድረኩ ላይ ጨርቅ የምታጥፈው እታገኝ ሰምታ ቆመች። ጨርቁን አስቀምጣ ሄዳ መስኮቱን በጥቁሩ ጨርቅ መልሳ ጋረደች። እኔ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ የአዳራሹን መብራት አጠፋሁ።

ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው እንደሚጠሩ፣ ሳይጮኹ፦

«ውዴ!»

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆመው ቆዩ።

«በቃ ልጄ። አሁን አብራ» አሉኝ።

ማብሪያው ግድግዳው ላይ አጠገቤ ነው፤ እያለቀስኩ ስለነበር ቶሎ አላገኘሁትም።